ኦቾሎኒ ላይ አመድ ከመበተናችሁ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ማዳበሪያ በተወደደ ቁጥር የአመድ ወሬ ይነሳል። «ነፃ ማዳበሪያ ምድጃችሁ ውስጥ አለ፣ ውሰዱና በትኑ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ምክሩን አልጠላውም፤ አመድ ሲደፋ ማየት እኔንም ያናድደኛል። ግን እዚህ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ባቢሌ፣ ጉርሱምና ፈዲስ ላይ ኦቾሎኒ ለሚዘራ ገበሬ «በትን» ብሎ መተው ግማሽ ምክር ነው፤ ምርት ሊያሳጣውም ይችላል።

ኦቾሎኒ እንደ ማሽላ አይደለም። አበባው ከረገፈ በኋላ ቀጭን ክር የመሰለ ነገር ወደ ታች ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ፍሬውም እዚያው፣ ላይኛው 5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይይዛል። ታዲያ ይህ ፍሬ ካልሲየም የሚያገኘው ሥሩ ልኮለት አይደለም፤ ከዙሪያው አፈር በራሱ ቅርፊት በኩል በቀጥታ ይመጠዋል። እዚያች ስስ አፈር ላይ ካልሲየም ካነሰ ተክሉ ለምልሞ፣ ቅጠሉ አምሮ ታዩታላችሁ፣ ሲነቀል ግን ቅርፊቱ ባዶ ነው። ገበሬው «ዝናቡ አጠረብኝ» ብሎ ያልፈዋል።

አመዱ እዚህ ላይ ሊረዳም ሊጎዳም ይችላል፤ ሁሉም አመድ አንድ አይደለምና። የእንጨት አመድ ካልሲየም ይበዛዋል። የቡና ገለፈት አመድ ግን ፖታሺየም ያይልበታል፣ የማሽላ አገዳም ወደዚያው ያደላል። የሩዝ ገለፈት አመድ አብዛኛው ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋ የተሠራበት ነገር፣ ስለሆነ ከእሱ ብዙ አትጠብቁ። ፍሬው በሚይዝበት አፈር ላይ ፖታሺየም ሲበዛ ፍሬው ካልሲየሙን በደንብ እንዳይወስድ ያደርገዋል፣ ብስባሴም ያመጣል። ስለዚህ ፖታሺየም የበዛበት አመድ መግባት ያለበት ከመዝራት በፊት፣ በእርሻ ጊዜ፣ ከአፈሩ ጋር በደንብ ተደባልቆ ነው። አበባ ሲያወጣ ላዩ ላይ መነስነስ በፍጹም! ዘሩንም አያስነኩት፣ ቡቃያውን ያቃጥላል።

አመድ ውስጥ ናይትሮጅን የለም፣ ሲቃጠል ከጭሱ ጋር ሄዷል። ለበቆሎ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ኦቾሎኒ ግን ሥሩ ላይ ባሉት ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅኑን ከአየር ስለሚያገኝ ብዙም አይቸገርም፣ አመድ ከሌላው ሰብል ይልቅ ለእሱ ይስማማል የምለውም ለዚህ ነው። በተለይ እንደ አሶሳ አፈሩ አሲዳማ በሆነበት አካባቢ አመድ እንደ ኖራ አሲዱን ይቀንሳል፣ እነዚያን ባክቴሪያዎችም ይጠቅማል። አሲድ በሌለበት ማሳ ላይ በየዓመቱ መከመር ግን አፈሩ ውስጥ ያለውን ብረትና ዚንክ ተክሉ እንዳያገኘው ያደርጋል፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል።

አመዱን ከዩሪያ ማዳበሪያ ጋር አትቀላቅሉት፣ የዩሪያው ናይትሮጅን በአሞኒያ ጋዝ መልክ ይተናል። ዝናብም አያግኘው፣ ፖታሺየሙ ታጥቦ ይሄዳል። ላስቲክ የተቃጠለበት አመድ ማሳ አይግባ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፤ ለአመድ ተብሎ አገዳ አይቃጠል። አገዳው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ምድጃ ላይ ከነደደ በኋላ የቀረው ይበቃል። እሱንም በየቀኑ የሚጠርጉት እናቶች ናቸው፤ ታዲያ የአመድ ሥልጠና ሲሰጥ የሚጠራው ለምን አባወራው ብቻ ነው?

ከልማት ጣቢያ ሠራተኞች የምጠብቀው «አመድ ጥሩ ነው» የሚል ወሬ አይደለም። የቀበሌው አፈር ተመርምሮ አሲዳማ መሆን አለመሆኑ ለገበሬው ይነገረው፣ የትኛው አመድ መቼ እንደሚገባም ይታወቅ። አበባ በሚያወጣበት ጊዜ ካልሲየም ለሚያስፈልገው ማሳ ደግሞ መፍትሔው ጂፕሰም የሚባለው ካልሲየም ያለበት ማዕድን ነው። ጂፕሰም አገራችን ውስጥ አለ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከዩሪያው ጎን ጥቂት ኩንታል አስገብተው ለኦቾሎኒ ገበሬ ቢሸጡ ምን ይከለክላቸዋል? እናንተም ይህን ጉዳይ የሚመለከታቸውን ጠይቃችሁ ከዘር ወቅት በፊት ብታወጡልን።

አክባሪያችሁ፣
ከምሥራቅ ሐረርጌ