ማስታወቂያ ከመግዛታችሁ በፊት ገጻችሁን አንብቡት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በኢንተርኔት ስለሚሠሩ ትናንሽ ንግዶች የምታወጧቸውን ምክሮች ሳላነብ አላልፍም፤ ጉዳዩ መተዳደሪያዬ ነውና። የቆዳ ቦርሳ እየሰፋሁ በኢንተርኔት እሸጣለሁ። ሱቅም ቅጥር ሠራተኛም የለኝም። ምክሮቹ በአብዛኛው የሚጀምሩት ከአንድ ቦታ ነው፦ ትንሽም ብትሆን ለማስታወቂያ ገንዘብ መድቡ፣ ተከታይ አብዙ፣ ገበያው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በዚህ ቅደም ተከተል አልስማማም። አቅሙ ውስን የሆነ ሰው ማስታወቂያን ማሰብ ያለበት መጨረሻ ላይ ነው እላለሁ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ማስታወቂያ አይተው ወደ ገጻችን ከሚመጡ 100 ሰዎች የሚገዛው አንድ ብቻ ከሆነ፣ የመቶውም ወጪ በዚያች አንዲት ሽያጭ ላይ ይወድቃል። ገጹ ተስተካክሎ ሁለት ሰዎች ቢገዙ አንድ ገዢ ለማግኘት የወጣው ገንዘብ በግማሽ ይቀንሳል። ለማስታወቂያው ግን ሰባራ ሳንቲም አልተጨመረም። ገጹ ሳይስተካከል ማስታወቂያ መግዛት በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው፤ ወንፊቱን ለመድፈን ደግሞ የሚያስፈልገው ጊዜና ትኩረት እንጂ ገንዘብ አይደለም።

ማስተካከል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ቦርሳ ላሳይ። ደንበኞች ስለዚህ ቦርሳ በመልእክት የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ ያንኑ ነው፦ ላፕቶፔ ይገባበታል? ማንገቻው ይረዝማል? ዝናብ ቢመታውስ? ዚፑ ቢበላሽ ይጠግኑልኛል? ጥያቄዎቹን ሰዎቹ በተናገሩበት አባባል ደብተር ላይ እጽፋቸዋለሁ፤ መልሶቹም በዚያው ቃል ገጹ ላይ ይገባሉ። የዕቃው መጠሪያ «ለ14 ኢንች ላፕቶፕ የሚሆን የቆዳ የትከሻ ቦርሳ» ይላል። የሚያምር ስም ላወጣለት እችል ነበር፤ ነገር ግን በጎግል የሚፈልግ ሰው የሚያውቀው የሚያስፈልገውን ዕቃ እንጂ እኔ ያወጣሁትን ስም አይደለም። በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ ቦርሳው በሰው ትከሻ ላይ ስለሆነ መጠኑ ወዲያው ይታወቃል። በሁለተኛው ተከፍቶ ላፕቶፑ ሲገባ ይታያል። ሦስተኛው ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተያያዘበትን ስፌት እጅግ በቅርበት ያሳያል፤ የቆዳ ዕቃ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚላላው የት እንደሆነ ያውቃልና። ሁሉንም ያነሳሁት በስልኬ ነው፤ ረፋድ ላይ፣ በመስኮት ብርሃን። የማድረሻ ክፍያውን ከዋጋው ጎን እጽፋለሁ፤ ሊከፍል ሲል ድንገት ብቅ የሚል ተጨማሪ ሒሳብ ለመግዛት የቆረጠውን ሰው እንኳ ይመልሰዋል።

ራሱ ጎግል በነፃ የሚሰጠው ሰርች ኮንሶል የሚባል መሣሪያ አለ። ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ የእኛ ገጽ እንደታያቸውና ስንቶቹ እንደከፈቱት ያሳያል። በእኔ እምነት ለትንሽ ነጋዴ ከዚህ የሚበልጥ የገበያ ጥናት የለም። «ገጽህን በጎግል አንደኛ አደርግልሃለሁ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቀውን ሰው ግን አትመኑት። ጎግል ማስታወቂያ ላልሆነው የፍለጋ ውጤት ገንዘብ ተቀብሎ ደረጃ አይሰጥም፤ አንደኝነትን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችልም በግልጽ አስታውቋል። ተከታይ በገንዘብ መግዛትም ከዚህ አይሻልም። የተገዛ ተከታይ አይገዛም፣ አይጠይቅም፣ ለጓደኛው አይናገርም። ቁጥሩ ብቻ ነው የሚያምረው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልምጣ፤ የደንበኞቻችን አድራሻ በማን እጅ ነው ያለው? እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በአንድነት ለ6 ሰዓት ያህል ከዓለም ተቋርጠው ነበር። ንግዱን ሙሉ በሙሉ በእነዚህ ላይ የመሠረተ ሰው በዚያን ቀን ደንበኞቹን በስምም በአድራሻም ሊያገኛቸው አይችልም ነበር። ስድስት ሰዓት ያልፋል፤ የታገደ አካውንት ግን ላይመለስ ይችላል። ሳይቋረጥም ቢሆን፣ የምንለጥፈውን ከተከታዮቻችን መካከል ማን እንደሚያየው የሚወስነው ድርጅቱ ነው እንጂ እኛ አይደለንም። ስለዚህ አንድ ሰው ቦርሳ ሲገዛ፣ አዲስ ቦርሳ ሲወጣ በኢሜይል ላሳውቅዎት ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ፈቃዱን የሰጠውን ብቻ እመዘግባለሁ፤ በቃኝ ያለውን በዚያው ቀን አወጣለሁ። የዕቃ ወሬ በሌለበት ጊዜም ቆዳ እንዴት እንደሚወለወል፣ ሻጋታ እንዴት እንደሚከላከሉት የምትገልጽ አጭር ደብዳቤ እልካለሁ። ሁለተኛና ሦስተኛ ቦርሳ የሚገዙኝ በአብዛኛው እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ እነሱን ለማግኘት ደግሞ ለማንም አልከፍልም።

ደንበኛ ደንበኛን እንዲያመጣ ማድረግም ገንዘብ ለሌለው ሰው የተከፈተ በር ነው። የሰዎችን ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው ድሮፕቦክስ ገና ትንሽ ድርጅት ሳለ በፍለጋ ማስታወቂያ አንድ ደንበኛ ለማግኘት የሚያወጣው ገንዘብ አገልግሎቱ ከሚሸጥበት ዋጋ በልጦበት ነበር። ያዋጣው ሌላ መንገድ ነው፦ ጓደኛውን ለጋበዘውም ለተጋበዘውም ተጨማሪ የፋይል ማስቀመጫ በነፃ ሰጠ። በ15 ወራት ውስጥ ተጠቃሚዎቹ ከ100 ሺህ ወደ 4 ሚሊዮን አደጉ። እኔን የሚገርመኝ የቁጥሩ ትልቅነት አይደለም፤ ስጦታው ከራሱ ከሥራው የወጣ መሆኑና ለሁለቱም ወገን መድረሱ ነው። እኔም ከቁርጥራጭ ቆዳ የቁልፍ መያዣ እሠራለሁ፤ አንዱ ለላከው፣ አንዱ ለመጣው። ቆዳው ያለዚያ የሚጣል ነበር።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ማስታወቂያ መግዛት ትርጉም ይኖረዋል። በጎግልም በፌስቡክም የማስታወቂያ ቦታ የሚሸጠው በጨረታ ነው፤ ጨረታው ግን የሚያየው የቀረበውን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ማስታወቂያው ለተመልካቹ ምን ያህል እንደሚስማማውም ይመዘናል፤ በጎግል በኩል የሚደርስበት ገጽ ጥራትም ይቆጠራል። በሚገባ የተጻፈ ገጽ ያለው ትንሽ ነጋዴ ከትልቁ ያነሰ ከፍሎ ሊቀድመው የሚችለው ለዚህ ነው። ገና ሲጀመር በትንሽ ገንዘብ፣ ለአንድ ዕቃ፣ ለአንድ ዓይነት ገዢ ብቻ ይሞከር። ለገዛ ሁሉ ደግሞ «ስለ እኛ ከየት ሰሙ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይቅረብለትና መልሱ ከሽያጩ ጎን ይመዝገብ። የማስታወቂያ ድርጅቶቹ የሚሰጡን ሪፖርት ስንት ሰው እንደተመለከተ ይነግረናል፤ የማደንቀው ግን ከዚያ ይልቅ በእጄ የተጻፈውን የሽያጭ መዝገብ ነው።

የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። በንግድ ዓምዳችሁ ከአማካሪዎች በተጨማሪ በየቤታቸው የሚሠሩ ትናንሽ ሻጮችን አቅርቡልን። ምን ያህል እንዳወጡ፣ ገዢው ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ሙከራ ገንዘብ በልቶ እንደቀረ መዝገባቸውን ገልጠው ይናገሩ። ፈቃዳችሁ ከሆነ የእኔን መዝገብ ለመጀመሪያው ዕትም ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ቦርሳ ሰፊዋ አንባቢያችሁ