58ኛ ፐርሰንታይል ማለት ከመቶ 58 ማለት አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፦

በሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች ስለሚማሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች የፈተና ውጤት ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት በእድራችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንዲት እናት «ልጆቻችሁን ጠይቁ!» ብላ ስላጋራችው ነው። ሁለተኛ ጊዜ የተመለስኩበት ግን በውስጡ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ጸሐፊው አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ማፕ በተባለው ፈተና በሒሳብ 58ኛ ፐርሰንታይል ማግኘቱን ከጠቀሰ በኋላ፣ ልጁ ከመቶ ጥያቄ 58ቱን ብቻ እንደመለሰ አድርጎ ለአንባቢ አስረዳ፤ ከዚያም ተነስቶ የልጆቻችን ትምህርት አሽቆልቁሏል፣ ወላጆቻቸውም ተዘናግተዋል አለ። መነሻው ስሕተት ነው፤ በላዩ የተገነባው ሁሉ አብሮ ይፈርሳል።

ፐርሰንታይል ከመቶ የተገኘ ማርክ አይደለም፤ ደረጃ ነው። አገር ቤት የተማርን ሁሉ ደረጃን እናውቀዋለን፤ ካርድ ይዘን ስንገባ «ስንተኛ ወጣህ?» ተብለን ያልተጠየቅን የለንም። ልዩነቱ እኛ ከላይ ወደ ታች ስንቆጥር አሜሪካኖቹ ከታች ወደ ላይ መቁጠራቸው ነው። 58ኛ ፐርሰንታይል ማለት በመላው አሜሪካ በዚያው ክፍል ካሉ መቶ ልጆች መካከል ልጁ ከ58ቱ በልጦ ቆሟል ማለት ነው። አማካዩ 50 ስለሆነ፣ ጸሐፊው ያዘነለት ልጅ ከአማካዩ በላይ ነው።

ከዚህም በላይ፣ ማፕ ስንት ጥያቄ ተመለሰ ተብሎ የሚመዘን ፈተና ጭራሽ አይደለም። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ሲሆን፣ ልጁ በትክክል በመለሰ ቁጥር ቀጣዩ ጥያቄ ይከብዳል፣ በተሳሳተ ቁጥር ይቀልላል፤ በዚህም የተነሳ ጎበዙም ደካማውም በመጨረሻ ከቀረቡለት ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉን ይመልሳሉ። የሚለያዩት ጥያቄዎቹ በደረሱበት ክብደት ነው፤ ይህንንም የሚለካው ሪት የሚባለው ነጥብ ነው። የልጅን እድገት መከታተል የሚፈልግ ወላጅ ማየት ያለበት ሪቱ በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ስንት እንደነበረና ወደ መጨረሻው ስንት እንደደረሰ ነው። የሌሎች ልጆች ሪትም አብሮ ስለሚያድግ፣ የአንድ ልጅ ሪት ጨምሮ ፐርሰንታይሉ ዝቅ ሊል ይችላል። ዘገባችሁ ስለ ሪት አንድ ቃል አላነሳም።

ይህን ያህል የተቆጣሁት እኔም በዚሁ ስሕተት ልጄን ስለበደልኩ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያ ልጄ የማፕ ውጤቱን ይዞ መጣ። 61 የሚለውን ቁጥር በአረንጓዴ እስክሪብቶ ከቦ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። እኔ ከክፍሌ ከሦስተኛ በታች ወጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝና፣ «61 አምጥተህ ትስቃለህ?» አልኩት። ፈገግታው ፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁት። ወረቀቱን አጥፎ አጥፎ ኪሱ ከተተውና ራት ሳይበላ ተኛ፤ እኔም የቅዳሜ ኳሱን ከለከልኩት።

ከአስተማሪዋ ጋር በተገናኘን ጊዜ ትምህርት ቤቱ በስልክ አስተርጓሚ አቀረበልኝ። አስተማሪዋ ጥሩ እየሠራ እንደሆነ ስትናገር አስተርጓሚው «ከመቶ 61 አግኝቷል፣ ጎበዝ ነው» ብሎ ነገረኝ። ከመቶ 61 ያገኘን ልጅ ጎበዝ የሚሉት ከጥቁር ስደተኛ ልጅ ብዙ ስለማይጠብቁ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ አስተማሪዋንም ለወራት ተቀየምኳት። ነገሩ የገባኝ፣ ኮሌጅ የምትማር የሥራ ባልደረባዬ ልጅ በደረሰኝ ጀርባ ላይ መቶ ነጥብ ደርድራ 61ኛው ላይ ክብ ስታደርግልኝ ነው። ማታውኑ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ውጤቱን በራሱ ፈቃድ አሳይቶኝ አያውቅም። የእናንተን ዘገባ አንብበው በዚያ ምሽት ልጆቻቸውን የጠየቁ ወላጆች ስንት ናቸው?

ቁጥር ሳይገባን ስንቀር ሁልጊዜ የምናዝነው ብቻም አይደለም፤ ያለ ቦታውም እንደሰታለን። የሜሪላንድ ግዛት ኤምካፕ የሚባለው ፈተና ውጤት የሚጻፈው ከ650 እስከ 850 ባለው መለኪያ ነው። 700 ያገኘች ልጅ ያለቻት እናት፣ በለመደችው ስሌት 700 ለ850 ስታካፍል ከመቶ 82 ይመጣላታልና እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች። መለኪያው ግን ከዜሮ አይጀምርም፤ ዝቅተኛው ነጥብ ራሱ 650 ነው። ለክፍሉ የሚጠበቀውን አሟልታለች የሚባለው 750 ስትደርስ ነው። ያቺ ልጅ እርዳታ ያስፈልጋታል፤ እናቷ ግን ጎረቤት ጠርታ ቡና ታፈላለች። ወላጅን ሊጠቅም የተነሳ ጋዜጠኛ ማስጠንቀቅ የነበረበት ይህን ነበር።

«ተዘናግተዋል» የሚለውን ቃል በተመለከተ፣ በዘገባው ውስጥ አንድ ባለሥልጣንና አንድ የማስጠኛ ማዕከል ባለቤት ሲናገሩ አይቻለሁ፤ የተጠየቀ ወላጅ ግን አላየሁም። ጸሐፊው አንዳችንን ቢጠይቅ ኖሮ፣ ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ሠርታ ጠዋት ልጇን አውቶቡስ ላይ ሳታሳፍር የማትተኛ እናት፣ ውጤቱ የመጣበትን ወረቀት የምታስነብበው ለዚያው ለልጇ እንደሆነ ይሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የፌዴራል የትምህርት ሕግ ልጆች ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተኑ ሲያዝ፣ ውጤቱ ለወላጅ በሚገባው መልክ፣ እስከተቻለም ድረስ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲደርሰው አብሮ አዟል። የተዘናጋውን መፈለግ ካስፈለገ፣ ለፍለጋው መነሻ የሚሆነው ያ ወረቀት በምን ቋንቋ እንደተጻፈ መጠየቅ ነው።

የምጠይቀው እርማት ነው። ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታና በዚያው ስፋት ይውጣ፤ ስለዚያ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የተጻፈውም በስሙ ባይጠራም ይስተካከል፤ እናቱ ታውቀዋለችና። እንደወጣ እኔ ራሴ በእድሩ ቡድን ውስጥ እለጥፈዋለሁ።

አንዲት የሁለት ልጆች እናት
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ