ለአባዬ፣ እማዬ ከመሳፈሯ በፊት

አባዬ እንደምን ሰነበትክ፣ ስኳርህስ እንዴት ነው፣ መድሃኒቱን በሰዓቱ እየወሰድክ ነው አይደል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ባለቤቴም ወሯ ገብቷል፣ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር ምንም አልጎደለብንም። ባለፈው ስልክ ላይ "ያ የምትሰራበት ኤርፖርት ቦሌን ያህላል ወይ" ብለኸኝ ኔትወርኩ ተቆርጦ ሳልመልስልህ ቀረሁ፣ ዛሬ ኦፍ ስለሆንኩ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው፣ መነጽርህ ካስቸገረህ እህቴ ታንብብልህ፣ የእማዬን ነገር ግን ለራሷ ደጋግማ ታንብብላት።

ኤርፖርቱ ደለስ ነው የሚባለው፣ ቴክሳስ ካለው ዳላስ ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል፣ እማዬ ሰው ከጠየቃት "ዋሽንግተን" ብቻ ትበል። ስሙ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከነበረው ከጆን ፎስተር ደለስ የመጣ ነው። ከዋሽንግተን መሃል ከተማ ወደ 42 ኪሎሜትር ይርቃል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ስራ ስጀምር ምን ሆነው ነው እዚህ ድረስ ወስደው የሰሩት ብዬ እበሳጭ ነበር፣ በኋላ ነው የገባኝ፣ ከተማው ስር ናሽናል የሚባል ሌላ ኤርፖርት አለ፣ ወንዝ ዳር ተጣቦ ያለ ነው፣ ራንዌዩ አጭር ነው፣ ጄት ሲመጣ ሰፊ ሜዳ የግድ ሆነ። የኛም ታሪክ እኮ ያው ነው፣ አንተው ነህ የነገርከኝ፣ ድሮ አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ነበር፣ አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ሊያመጣ ሲል ሜዳው አልበቃ ብሎ ወደ ቦሌ ወጣ። የኛ ጄቶች የመጡት በፈረንጅ 1962 ነው (እዚህ የምጽፍልህ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ ደለስም የተመረቀው በዛው ዓመት ኖቬምበር 17 ነው፣ ኬኔዲ ናቸው የመረቁት። ደለስና የኛ ጄት እኩያሞች ናቸው ማለት ነው!

ስፋቱን ጠይቀኸኝ የለ፣ ሲጀመር የተከለለው መሬት 10,000 ኤከር ነበር፣ ወደ 4,000 ሄክታር፣ በናንተ ጊዜ ልክ መቶ ጋሻ መሬት። ያን ሁሉ ቦታ ይዞ ለብዙ ዓመት ጭር ብሎ ነው የኖረው፣ ገንዘብ ጫካ ውስጥ ተጣለ ብሎ ያማው ሰው ብዙ ነበር። እኔን ግን የሚገርመኝ ለሚመጣው ጊዜ ቦታ መተዋቸው ነው። ህንፃውን የነደፈው ኤሮ ሳሪነን የሚባል ፊንላንድ የተወለደ አርክቴክት ነው፣ ጣራው ባጋደሉ ዓምዶች መሃል በኬብል ተወጥሮ እንደ ድንኳን ሸራ ረገብ ያለ ነው፣ ከሩቅ ስታየው ሊነሳ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። ሰውየው በ1961 ምርቃቱን ሳያይ ሞተ፣ ግን ወደፊት በሁለቱም ጫፍ እንዲቀጠል አርጎ ነድፎት ስለነበር በ1996 በሱ ሃሳብ መሰረት ቀጠሉት፣ ይኸው በየቀኑ አልፍበታለሁ፣ የቱ ድሮ የቱ አዲስ እንደሆነ እስከዛሬ መለየት አልቻልኩም። ወደ ኤርፖርቱ የሚወስደው መንገድም መሃሉ ላይ ለባቡር የሚሆን ቦታ ከመጀመሪያው ተትቶለት ነበር፣ ባቡሩ የገባው በ2022 ነው፣ ከ60 ዓመት በኋላ አባዬ! የኔን የሌሊት አውቶቡስ ጥበቃ ያስቀረልኝ ያ ባዶ መሬት ነው፣ አሁን በባቡር ነው የምገባው። በ2024 ብቻ ከ27 ሚሊዮን በላይ ሰው አስተናግዷል።

አንተ ያን ሁሉ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳህ ሰው ብታየው የምትወደው ነገር ደግሞ አለ። ሞባይል ላውንጅ ይሉታል፣ ስፋቱ ብቻ 5 ሜትር ይሆናል፣ ቤት ጎማ አውጥቶ ሲሄድ አስበው፣ መቶ ሰው ይጭናል። መሪው ፊትም ኋላም ስላለ ሹፌሩ መኪናውን ማዞር አይጠበቅበትም፣ በውስጥ አልፎ በሌላኛው ጫፍ ይቀመጥና ይመለሳል። ሲከፈት የታሰበው ተሳፋሪው ብዙ ሳይራመድ ከህንፃው በዚህ ተጭኖ አውሮፕላኑ ስር ድረስ እንዲሄድ ነበር፣ በ2010 ከመሬት ስር የሚሄድ ባቡር ቢጨመርም ከውጭ የሚመጣውን ተሳፋሪ ወደ ኢሚግሬሽን የሚያመላልሰው እስከዛሬ ይሄ ነው። እማዬም በሱ ነው የምትመጣው፣ መውረጃዬ አለፈኝ ብላ እንዳትጨነቅ፣ ሁሉም የሚወርደው አንድ ቦታ ነው።

የእማዬን ዊልቸር አስመዝግበናል። "እኔ ምን ሆኜ ነው በጋሪ የምገፋው" ማለቷን ነግራችሁኛል፣ ንገሯት፣ ዊልቸሩ ለእግሯ ሳይሆን ለቋንቋው ነው፣ የሚገፋው ሰው ወረፋውንም ያሳልፋታል ከሻንጣዋም ያገናኛታል፣ እዚህ ደግሞ ከሚገፉት ብዙዎቹ የኛው ልጆች ናቸው። አየር መንገዳችን ከ1998 ጀምሮ ወደዚህ ይበራል፣ የሚገባው ጠዋት ነው፣ በዛ ሰዓት ቦታው ነጠላ በነጠላ ነው የሚሆነው። በቀደም አንዲት እናት ገፋሁ፣ ከመጣች ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፣ ፓስፖርቷን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ፈረንጁን ሁሉ ቀና ብላ ታያለች፣ ጎንበስ ብዬ "እማማ እንደምን አደሩ" ስላት እጄን ጨብጣ ወደ ላይ ትኩር ብላ አየችኝና "የማን ልጅ ነህ አንተ?" አለችኝ። ያንተንና የእማዬን ስም ነገርኳት፣ አታውቃችሁም፣ ግን እስክንለያይ ድረስ እጄን አልለቀቀችም። በየቀኑ የሰው እናት እየተቀበልኩ የኔዋ መቼ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት አባዬ፣ ስድስት ዓመት።

ሌላው ነዳጅ ነው። አውሮፕላኑ ወደዚህ ሲመጣ መሃል ላይ አንድ ቦታ አርፎ ይሞላል፣ ደረስኩ ብላ ሻንጣዋን እንዳታወርድ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ይከብደዋል፣ ከዚህ ሲመለስ ግን መሬቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሞልቶ በቀጥታ ቦሌ ነው። ሽሮና በርበሬውን ታምጣ፣ ፎርሙ ላይ ወይ ሲጠይቋት ምግብ ይዣለሁ ትበል፣ ቋንጣ ግን በፍጹም፣ ስጋ አያስገቡም፣ ስንት እናት ስታለቅስ አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ጋሼ። ቢሾፍቱ የሚሰራው አዲሱ ኤርፖርት መሬቱን ስለነካው ሊነሳ ነው ብለኸኛል። ኤርፖርቱ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፣ ቦሌ በከተማ ተከቧል፣ ቢሾፍቱም ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለሚል አውሮፕላኑ የበለጠ ጭኖ ይነሳል፣ ደስም ይለኛል። ግን አብሮኝ የሚሰራ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ አንድ ቀን ምሳ ላይ የነገረኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። ደለስ መጀመሪያ የታሰበው በርክ የሚባል ሌላ ሰፈር ነበር፣ ነዋሪው ተቃውሞ አስቀረው። ከዛ ወደዚህ አመጡት፣ እዚህ ዊላርድ የምትባል መንደር ነበረች፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፣ ቤትና ቤተክርስቲያን ያላቸው፣ በ1958 መሬቱ በመንግስት ተወሰደና መንደሯ ፈረሰች። ለኤርፖርቱ እድገት ቦታ ተወለት ብዬ የማደንቀው ሜዳ የነሱ ጓሮ ነበር። ሽማግሌው በጣቱ ወደ ራንዌዩ እያሳየ "እዛ ጋ ነበር" ሲለኝ አየሁ አየሁ፣ ሳርና አስፋልት ብቻ ነው።

ስለዚህ አባዬ አንድ ነገር ልለምንህ፣ እማዬ ከመምጣቷ በፊት ከእህቴ ጋር ጋሼ ዘንድ ሂዱ። ቤቱን በአራቱም በኩል፣ በሩ ላይ ያለችውን ዋርካ፣ እኔ የወደቅኩበትን የውሃ ጉድጓድ፣ ሁሉንም በቪዲዮ ቅረጹት። ጋሼ ደግሞ በእጁ ይጻፍ፣ በስተቀኝ ማን ነበር፣ በስተግራ ማን ነበር፣ ከሱ ቀጥሎ የማን ማሳ ነው፣ ስማቸውን ከነአባታቸው። ወረቀቱን እማዬ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳዋ ትያዝልኝ፣ ሻንጣ ይዘገያል።

በዛን ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ፣ የምቆመው እንደ ሰራተኛ ውስጥ ሳይሆን ውጪ፣ ሰው የሚጠብቅበት በር ላይ ነው። ነጭ ነጠላዋን ትልበስ፣ ከሩቅ እንድለያት።

ልጅህ