ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ፣ ስለ ገናው ድግስ

እህት ዓለም፣

ሰላምሽ ይብዛ። እንዴት ከርማችኋል? ልጆቹስ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ከልቤ ይቆረቁረኛል፤ ይቅር በዪኝ። ዘንድሮ የገናው ተራ አንቺ ቤት መሆኑንና በዓሉ የመብልና የመጠጥ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር መጨነቅሽን ሰማሁ። የማውቀውን ሳልቆጥብ ልጻፍልሽ።

የሚቀድመው ቅዳሴው ነው። ገና በሌሊት ይቀደሳል፤ ቤት የሚቀሩት ግን ሁልጊዜ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ሥራው ሁሉ ታኅሣሥ 28 ላይ ስለሚከመር ነው። ሽንኩርቱ በ26 ይላጥ፤ ቁሌቱ በ27 ይለቅ። ለአንድ ዶሮ ከ2 ኪሎ የማያንስ ሽንኩርት ያዢ። በዘይትና በበርበሬ ብቻ ይብሰል፤ ጨውን የምትቀምሺውም እዚሁ ላይ ነው። ቅቤና ዶሮ ከገባ በኋላ ጿሚ አይቀምስም፤ የበዓል ወጥ የሚበላሸው ያኔ በግምት ጨው ሲጨመርበት ነው። ዶሮው በጨውና በሎሚ ስለሚታጠብ ጨው ይዞ ይገባልና ቁሌቱን ጨው ቀነስ አድርገሽ ተዪው። ያንቺ አገር ሙቀት ነው፤ ትኩሱን ከከደንሽው አልቦ ይኮመጥጣል፣ እስኪቀዘቅዝ ክፍቱን ይደር፤ ጠዋት እንደገና አሙቂው። በ28 የሚቀርሽ 12ቱን ብልት አጥቦ መጨመርና እንቁላል መቀቀል ብቻ ነው። ድስቱ በጊዜ ይወርዳል፣ አንቺም ነጠላሽን አጣፍተሽ ትሄጃለሽ። ዘመኑ ዮሐንስ ሲሆን ገና 28 ላይ ስለሚውል ሁሉንም በአንድ ቀን አስቀድሚው።

ድፎውም እንደዚሁ ነው፤ ደሴ ብርድ ላይ የለመድሽው የእርሾ ልክ እዚያ ሊጡን ያኮመጥጠዋል፣ ቀንሺው። ኮባውን በእሳት ወላፈን አለስልሺው እንዳይሰነጠቅ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የችግረኛው ድርሻ እንግዳው ጠግቦ ከተነሣ በኋላ የሚላክ ከሆነ የሚደርሰው መረቅና የተቆራረሰ እንጀራ ነው። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግብዣ ስታደርግ ድሆችን ጥራ ያለው ተጠርተው እንዲቀመጡ ነው። ስለዚህ ወጡ ከድስት ሲወጣ የመጀመሪያው ጭልፋ የእነሱ ይሁን፤ ሥጋውም እንቁላሉም አብሮ ይውጣ። ቤቷ ምድጃ ያላትና እጇ ያጠራት ሴት ግን የበሰለ አትላኪላት። ቤቷ በዓል በዓል እንዲሸት ትፈልጋለች። 5 ኪሎ የጤፍ ዱቄት፣ 2 ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ ግማሽ ኪሎ በርበሬ፣ ቢቻልሽ አንድ ዶሮ ይሁን። ዱቄቱ በ24 ይድረሳት፤ ሊጡ እስኪቦካ 3 ቀን ይፈልጋል። በዋዜማው የደረሰ ዱቄት ለበዓሉ እንጀራ አይሆንም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለአልጋ ቁራኛ ወይም ጥርስ ለሌላቸው አዛውንት ግን ሥጋው ከአጥንቱ ተለቅሞ በአልጫ ይሂድ፤ ደም ግፊት ያለባቸው ከሆነ ጨው የሌለው ለብቻ ይውጣላቸው። ልጆችሽ ይውሰዱት፤ ቡናውም እዚያው ይፈላና አቦሉን አብረው ይቀመጡ። ፎቶ ግን አይነሣ፣ አደራሽን።

ሙስሊም ጎረቤቶችሽን እንደ ወሎ ወጋችን ትጠሪያለሽ አይደል? ሽሮውን፣ ምስሩንና ጎመኑን ሥጋ ባልነካው ድስት ሥሪ፤ የየራሳቸው ጭልፋም ይኑራቸው። ሰው የሚያስቀይመው ምግቡ ሳይሆን አንዱ ጭልፋ ከዶሮው ድስት ወደ ሽሮው ሲሻገር ነው፤ እንግዳዋ ካየች አፍራ ዝም ትላለች እንጂ አትበላም። ሥጋ ልታቀርቢላቸው ከወደድሽ አንዱን ዶሮ የእነሱ ሰው ይባርክላቸው፣ ራሳቸውም ይሥሩት። በጠላው ፋንታ ብርዝ አቅርቢ፤ ግን የዕለቱን በጥብጪ፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ካደረ መፍላት ይጀምራል።

ማዕዱ ላይ መሶቡ ሳይከፈት ከሉቃስ ምዕራፍ 2 ከቁጥር 1 እስከ 20 ያለውን ከልጆችሽ አንዱ ያንብብ፤ ሽታው ከወጣ በኋላ የሚሰማ የለም። ለልጁ ከሳምንት በፊት ስጪው፣ ቄሬኔዎስ የሚለው ስም ላይ ሁሉም ይደናቀፋል። ቴሌቪዥኑ ይዘጋ። ከዚያ አባታችን ሆይ፣ ከዚያ በዕድሜ የሚበልጡት ድፎውን ይባርኩ። ከነቢያት ጾም የወጣ ሆድ ቅባት አይችልምና መግደፊያውን በትንሹ ጀምሩ።

ትልቁን ድስት ከፈለግሽ ከደሴ በሚወርደው ሚኒባስ እልክልሻለሁ፤ በ27 ማለዳ እንዲደርስሽ ቀደም ብለሽ ደውዪልኝ።

እህትሽ፣ ከደሴ