አትናቴዎስ የተሰደደባት ከተማ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው በስልክ «ትሪር ደግሞ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ስትዪኝ ሳልመልስልሽ መስመሩ ተቋረጠ። ነገሩም በስልክ የሚያልቅ አልነበረም። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ትሪር ከጀርመን በስተምዕራብ፣ ከሉክሰምበርግ ድንበር አጠገብ ናት። ሞዘል የሚባል ወንዝ በጎኗ ያልፋል፤ ዳር ዳሩ ዳገቱ ሁሉ የወይን ተክል ነው። ሮማውያን የቆረቆሯት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ16 ዓመት ገደማ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ወንዙ ውስጥ ያቆሟቸው የድልድይ ምሰሶዎች ዛሬም አሉ። መኪናው ሽው ይልባቸዋል፣ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

አሁን ወደ አንቺ ሰዎች ልምጣ። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ ቁስጥንጥንያን ከመሥራቱ በፊት ለዓመታት የኖረው እዚህ ነበር። የዙፋን አዳራሹ አሁንም ቆሟል። 67 ሜትር ርዝመት፣ 33 ሜትር ከፍታ አለው፤ መሀሉ ላይ አንድም ምሰሶ የለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተቃጥሎ እንደገና ተጠግኗል። ዛሬ የፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ነው። አንቺ ብታዪው «ሥዕል የለ፣ መጋረጃ የለ፣ ምኑን ቤተ ክርስቲያን ሆነ?» ማለትሽ አይቀርም።

ከዚያ ትንሽ እልፍ ሲሉ ካቴድራሉ አለ። በአገሬው ትውፊት ቦታውን የሰጠችው እናቱ ንግሥት እሌኒ ናት። አዎ፣ መስቀሉን ያስቆፈረችው፣ በየመስከረሙ ደመራ የምንለኩስላት እሌኒ! የራስ ቅሏ ነው የሚሉትንም እዚያው ምድር ቤት ውስጥ አኑረውታል። ደጃፉ ላይ ደግሞ አንድ የተሰበረ የድንጋይ ዓምድ ተጋድሟል። ግንበኞቹ ሰይጣንን «ትልቅ መጠጥ ቤት ልንሠራ ነው» ብለው አታለው ድንጋይ አሸከሙት አሉ። ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሲያይ ተናዶ ወርውሮት ሄደ። ልጆች አሁን ይንሸራተቱበታል።

እኔን ግን ከሁሉም ያስደነቀኝ የቅዱስ አትናቴዎስ ነገር ነው። የእስክንድርያው አትናቴዎስ፣ ቅዳሴውን የምታስቀድሺው። በ335 መጨረሻ ላይ አርዮሳውያን ከስሰውት ቆስጠንጢኖስ ወደ ትሪር አጋዘው። ያን ሁሉ ባሕርና ተራራ አቋርጦ እዚህ ብርድ ውስጥ! የከተማዋ ጳጳስ መክሲሚኖስ በክብር ተቀበለው። በ337 ንጉሡ ሲሞት ወደ መንበሩ ተመለሰ።

ዓመታት አልፈው ለቆስጠንጢኖስ ልጅ ለቆንስጣንጢዮስ የመከላከያ ጽሑፍ ጻፈ። ካቀረቡበት ክስ አንዱ ባልተባረከ ሕንፃ ውስጥ ሕዝብ ሰበሰብክ የሚል ነበር። ሲመልስም ትሪር ሳለሁ እዚያም ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ ገና በመሠራት ላይ ባለ ቤተ ክርስቲያን በዓል ሲያከብር አይቻለሁ ይላል። እኛስ ስንቱን በዓል በቆርቆሮ ጥላ ሥር አላከበርንም? በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ንጉሡ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና የላከው ደብዳቤ ይገኛል። በእኛ ትውፊት አብርሃ ወአጽብሃ የሚባሉት ናቸው። ንጉሡ የጠየቃቸው አትናቴዎስ የሾመላቸውን ፍሬምናጦስን፣ የኛን አባ ሰላማን፣ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲመልሱለት ነው። ትሪርና አክሱም በአንድ ሰው ብዕር አንድ ጽሑፍ ውስጥ ገቡ ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ትሪርን በዓይኔ ካላየሁ ያልኩት።

ጥቁሩ በር የሚሉትንም አየሁ። በ170 ገደማ የተሠራ የከተማዋ መግቢያ ነው። ድንጋዮቹ በጭቃም በኖራም አልተያያዙም። በብረት ማያያዣ ተቆላልፈው እርሳስ ፈሶባቸዋል። በኋላ ዘመን ሰዎች ብረቱን ሊወስዱ ድንጋዩን ፈልፍለዋል፤ ቀዳዳው አሁንም ይታያል። ሌሎቹን በሮች አፍርሰው ድንጋያቸውን ለሌላ ግንባታ አዋሉት። ይህን ያተረፈው አንድ ባሕታዊ ነው። ስምዖን ይባላል፤ ትውልዱ ሲራኩስ የሆነ፣ በሲና ተራራ የኖረ የግሪክ መነኩሴ። ግንቡ ውስጥ ገብቶ በሩን በድንጋይ አስዘጋው። ሞዘል ሞልቶ ከተማዋን ሲያጥለቀልቃት ሕዝቡ «ይሄ ጠንቋይ ነው ያመጣብን» ብሎ መስኮቱን በድንጋይ እንደደበደበው ይተረካል። በ1035 ሲያርፍ ግን ያው ሕዝብ ቅዱስ አለው! ሊቀ ጳጳሱም በሩን ቤተ ክርስቲያን አደረገው። ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ማን ደፍሮ ያፍርሰው? ናፖሊዮን መጥቶ የጥንቱ በር እንዲታይ የተጨመረውን አስነሣ።

ከዚህ በር አጠገብ ያደገውን ሰው ብነግርሽ ታማትቢያለሽ። ካርል ማርክስ! ያ አብዮት አደባባይ ከሌኒንና ከኤንግልስ ጋር ተሰቅሎ የነበረው ጺማም። በ1818 የተወለደው ትሪር ነው። ቻይናዎች በ2018 ትልቅ ሐውልት ሰጥተዋታል። የከተማዋ ሰዎች ደግሞ ምስሉን የዜሮ ዩሮ ኖት ላይ አትመው ለጎብኚ በ3 ዩሮ ይሸጡት ነበር። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ቢሰማ ስንት ይስቅ ነበር። ስንት እሁድ ነው ቅዳሴ አስትተው ቀበሌ ውይይት ያስቀመጡት!

ፎቶዎቹን ለእህቴ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፤ በትልቁ ስልክ አድርጋ ታሳይሽ። የአትናቴዎስን ነገር ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና ምን እንዳሉ ትጽፍልኝ። የግፊት መድኃኒትሽንም ጾም ነው ብለሽ እንዳታቋርጪ፤ እሳቸው ራሳቸው ፈቅደውልሻል።

የምትወድሽ ልጅሽ