ትንፋሼን ለጠበቃችሁልኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ

በሰላም ገብቻለሁ። ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። ተኝቼ ሳለሁ ትንፋሼን ይቆርጥብኝ የነበረውን ሕመሜንም፣ ለእሱ የተደረገልኝን ቀዶ ጥገናም አብዛኞቻችሁ ስለሰማችሁ ደግሜ አላሰለቻችሁም። ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ ማመስገን ስላልቻልኩ በጽሑፍ ይድረሳችሁ ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ ቀጥሎ ረዳቴ። ስሙን እንዳላነሳ አደራ ብሎኛል። የመናኸሪያ ሰው ግን ያውቀዋል። ዲቪ ደርሶኝ ከመሄዴ በፊት ከአዲስ አበባ ማርቆስ፣ ከማርቆስ ባሕር ዳር፣ እኔ ሹፌር እሱ ረዳት ሆነን አብረን ስንመላለስ ኖረናል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ፣ ጠዋት ድንጋይ ሲፈነቅል እንዳደረ ሰው ዝዬ እነሣ ነበር። አንድ ነገር እንዳለ መጀመሪያ የጠረጠረው እሱ ነው። የዓባይን በረሃ መውረድ ስንጀምር ከጎኔ ቁጭ ይላል። ቆሎ በእጄ ያደርግልኛል፣ ወሬ ይጀምርልኛል። ወሬው ሲያልቅበት እንቆቅልሽ ያመጣል። ዓይኔ ከበድ ካለ ግን ማንንም አይሰማም። «ጋሼ፣ ዳር ያዝ» ይላል። ተሳፋሪ ቢያጉረመርም አይበገርም። «እናንተም ወረድ ብላችሁ እግራችሁን አፍታቱ» ብሎ በሩን ይከፍተዋል። ስንት እናት፣ ስንት ሕፃን ጭነን ነበር! እነሱ አያውቁትም እንጂ ምስጋናው የእነሱም ጭምር ነው።

አንድ ሌሊት ደጀን አልጋ ይዘን አደርን። ጠዋት ሳየው ዓይኑ ደም መስሏል። ስልኩን አወጣና «ጋሼ፣ ይሄን ስማው» አለኝ። የእኔ ማንኮራፋት ነው፤ ቤቱን ያናውጠዋል። ከዚያ ድንገት ጭጭ። ጭጭታው ይረዝማል። በመሀል የእሱ ድምፅ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ይላል። ከዚያ እንደታነቀ ሰው ስነቃ፣ አየር ስስብ፣ መልሼ ሳንኮራፋ ይሰማል። ትንፋሼ ሲቆይበት ትከሻዬን እየነቀነቀ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነው ያደረው። በነጋታው ደግሞ እንደ ልማዱ ጣራ ላይ ወጥቶ ዕቃ ጫነ።

ይህን ስጽፍ እንባዬ ቀደመኝ፤ ይቅርታ።

እናቴ ዱካክ ነው ብላ ጠበል ወስዳኛለች፤ ዛሬም ጸሎቷ አልተለየኝም። አንገት በላይ ሐኪም ጋ ካልሄድክ ብሎ ወጥሮ የያዘኝ ግን እሱ ነው። ያንን ድምፅ አሜሪካ ላሉት ሐኪሜም አሰማኋቸው። በእንቅልፍ ምርመራም ተረጋገጠ።

መጀመሪያ የተሰጠኝ በጭንብል አየር የሚገፋው መሣሪያ ነበር። ስንት ሰው በሰላም ያስተኛል፤ እኔ ግን ታግዬ ታግዬ አልቻልኩትም። አገር ቤት ለጥየቃ ስመጣ ደግሞ መብራት ሲሄድ እሱም ይቆማል። ሐኪሜ ሌላውን መንገድ፣ የምላስን ነርቭ የሚቀሰቅስ መሣሪያ በቀዶ ጥገና መትከልን፣ ሲነግሩኝ ፈራሁ። «መሞከሪያ ልታደርጉኝ ነው ወይ?» አልኳቸው። ሳይቆጡ፣ ሳይቸኩሉ አስረዱኝ። ሕክምናው አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በዚያው ዓመት በወጣው ጥናት 126 ሰዎች ተተክሎላቸው ለአንድ ዓመት ተከታትለዋቸዋል። በሰዓት 29 ጊዜ ገደማ ይቆረጥ ወይም ይቀንስ የነበረው ትንፋሽ በመካከለኛ አኃዝ ወደ 9 ወርዷል። ለሁሉም እንደማይሆንም አልደበቁኝም። በመድኃኒት አስተኝተው ጉሮሮዬን በካሜራ ያዩት ለዚሁ ነው። ጉሮሮ ዙሪያውን ገጥሞ የሚዘጋ ከሆነ አይተክሉትም።

የእኔ ችግር ምላሴ ነበር። ስተኛ ጡንቻው ይላላና ወደ ኋላ ተንሸራቶ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። አሁን በቀኝ ደረቴ፣ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳዬ ሥር አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ። ሽቦው በአንገቴ አልፎ አገጬ ሥር ምላስን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ላይ ተያይዟል። ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች የመጨረሻው ነው። ትንፋሽ ልስብ ስል መሣሪያው ያውቃል፤ ነርቩን ቀስቀስ ያደርገዋል፤ ምላሴ ወደ ፊት ይላል፤ አየሩ ያልፋል። ቁስሉ እስኪሽር አንድ ወር ያህል ተጠብቆ ነው ሥራ የጀመረው። ማታ በሪሞት አበራዋለሁ፣ ጠዋት አጠፋዋለሁ። ባትሪው 11 ዓመት ገደማ ይቆያል። ትናንት ማታ ማርቆስ መብራት አልነበረም፤ እኔ ግን እስኪነጋ ተኝቻለሁ።

የሆስፒታሉ ነርሶች፣ ወረቀቱን ያስተረጎማችሁልኝ ልጆች፣ ምግብ እየቋጠራችሁ የመጣችሁ አበሾች፣ የመናኸሪያ ሹፌሮች፣ የእድራችን ሰዎች፣ የጽዋ ማኅበራችን አባላት፣ ሁላችሁንም ብድራችሁን ይክፈልልኝ። ባለቤቴ፣ ያንቺን እቤታችን እነግርሻለሁ። ስማችሁን ሳልጠራ ያለፍኳችሁ አትቀየሙኝ። ረስቻችሁ አይደለም፤ ብዙ ናችሁ።

ረዳቴ ዛሬ ራሱ መሪ ይዟል። ወንድሜ፣ ሰው ተኝቶ ሲያንኮራፋ ሁሉም ይስቃል፤ አንተ ግን ተጨነቅህ። ልጆቼ አባት ያላቸው ባንተ ነው። ስልክህን ስትቀይር እንኳ ያንን ድምፅ አላጠፋኸውም። እኔም አላጠፋውም።

አንድ ልመና አለኝ። አጠገባችሁ የሚተኛ ሰው እያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ የሚል ከሆነ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ከሆነ፣ በተለይ መሪ የሚይዝ ከሆነ፣ በስልክ ቅዱለትና አንገት በላይ ሐኪም ጋ ውሰዱት። እኔ የተተከለልኝ ነገር ውድ ነው፤ ኢንሹራንስ ባይኖረኝ አልችለውም ነበር። ሕክምናው ግን ከዚያ አይጀምርም። ክብደት መቀነስ፣ ማታ አረቄ መተው፣ በጎን መተኛት፣ ጭንብሉም ራሱ ብዙ ሰው ይረዳሉ።

እስከ ጥምቀት ማርቆስ ነኝ። መጠየቅ የሚፈልግ እናቴ ቤት ይምጣ፤ ጠባሳውንም ሪሞቱንም አሳየዋለሁ።