ቅኔ ቆጠራና የአለቃነት ሥልጠናሽ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጤፉ ታጭዶ ገና ስላልተከመረ እናትሽ ሰማይ ሰማዩን እያየች ነው።

ስለ አለቃነት ሥልጠናሽ የጻፍሽውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። «ማታ ማታ የዋላችሁትን እያሰባችሁ ጻፉ ይሉናል፤ ሥራ ማስፈታት ነው» ብለሻል። አያትሽ ቢሰሙ ይስቁ ነበር። ዋሸራ ቅኔ ሲማሩ ቀኑን ከጓደኞቻቸው ተነጥለው ዛፍ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ መንገደኛ ሲያያቸው ሥራ ፈት ይመስላሉ። እሳቸው ግን ቅኔ እየቆጠሩ፣ ማለትም በልባቸው እየደረሱ ነው።

ሳይንሱም ዘግይቶ እዚያው ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2001 የአንጎል ተመራማሪው ማርከስ ራይክልና ባልደረቦቹ ሰው ከውጭ ሥራ አርፎ ሲቀመጥ ይበልጥ የሚነቁ የአንጎል ክፍሎች እንዳሉ ጻፉ። ያለፈውን ስናስታውስ፣ የሚመጣውን ስናስብ፣ የሌላውን ሰው ልብ ለመረዳት ስንሞክር የሚሠሩት በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ከጉልበታችን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል፤ ቁጭ ስንልም ፍጆታው እምብዛም አይቀንስም።

አሠልጣኞችሽ ቀይና ቢጫ የበራበት የአንጎል ምስል ቢያሳዩሽ ግን ቶሎ አትደነቂ። ምስሉን የሚያነሣው መሣሪያ የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው፤ ማን ጥሩ አለቃ እንደሚወጣው አይናገርም።

ርእሰ መምህር ሳለሁ አርፍዶ የመጣ አንድ መምህር በስብሰባ መካከል አዋረድሁ። ማታ ወደ ቤት ስመለስ ነው የገባኝ፤ የተናደድሁት ጠዋት ከበላይ በደረሰኝ ደብዳቤ ነበር። ይህን ለራሴ «ንዴት ነው፣ ኀፍረትም አለበት» ብዬ በስሙ ስጠራው ልቤ ረገብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ የነማቲው ሊበርማን ጥናትም ሰው ያየውን ስሜት በቃል ሲሰይም አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል እንደሚበርድ አሳይቷል። መምህሩን ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ለዚህ ሳይንስም አላገዘኝ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ቂም ሲብሰለሰልም የሚሠሩት እነዚያው አርፈን ስንቀመጥ የሚነቁት የአንጎል ክፍሎች ናቸው። ብቻሽን ስታስቢ አምሽተሽ ራስሽን ብቻ ትክክል አድርገሽ ልትነሺ ትችያለሽ። ቅኔ ቤት ለዚህ ነገራ አለው፤ ተማሪው ቀን የቆጠረውን ማታ ለየኔታ ይነግራል፣ እሳቸውም ያቃናሉ፤ አንዳንዴም ከሥሩ ያፈርሱታል። አንቺም የጻፍሽውን የምታነቢለት፣ ማዕረግሽን የማይፈራ ሰው ፈልጊ። ከሥርሽ ያሉት አይሆኑም፤ ያመሰግኑሻል።

እስክታገኚ እኔ አለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደውይና ከጻፍሽው አንዱን አንብቢልኝ፤ ያ የተጣላሽው ሠራተኛ ያለበትን ቢሆን ይሻላል። እናትሽ በርበሬው አልቆባት እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላለች።

አባትሽ